ዓይን አስጨፍኖ ማከም

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

ቀዶ ጥገናዬ ከነገ ወዲያ ነው። ዛሬ ጉርድ ሾላ ሆስፒታል ሄጄ ነርሷ የሜዲቴሽን ልምምድ አሠራችኝ። «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑና ትንፋሽዎን ብቻ ይከታተሉ። የቀዶ ጥገናው ቁስል ቶሎ ይድንልዎታል» አለች። እንደ ታዛዥ ተማሪ ጨፈንኩ። ሰባተኛው ትንፋሽ ላይ የልጄን የሰላምን ድምፅ ከበሩ ውጭ ሰማሁ። «ዶክተር፣ ካንሰር መሆኑን እባክዎ እንዳይነግሩት።»

«እሺ» አለ ዶክተሩ፣ ያለ ምንም ማንገራገር።

ሰላም ስትገባ «የምርመራው ውጤት ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ምንም የለም አባዬ፤ አንተ ዝም ብለህ ተንፍስ።»

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ለወደቀ ተማሪ አልፈሃል ብዬ አላውቅም። ዶክተሩ ፊት ለፊቴ ቆሞ በሽታዬን በስሙ ካልጠራ አልቀደድም። ለቀዶ ጥገናው እንድፈርም የሰጡኝን የስምምነት ፎርም ሳልፈርም ቤት መሳቢያ ውስጥ ቆልፌበታለሁ። ግን ለእሷ ሌላ ፎርም ሰጥተው በእኔ ስም አስፈርመዋት ቢሆንስ?