ማህደር በመዳፏ የቀመሰችው

ለማከብርዎና ለምፈራዎ ታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ቢሆነኝ፣

ከመተማ ዮሐንስ ሙቀት እስከ ሞጣ ብርድ ድረስ ሰላምታየ ይድረስዎት። ጤናዎስ እንዴት ነው? ያ ጉልበትዎ ክረምቱን እንዴት አሳለፈዎት? እመይስ ዓይኗ ተሻላት ወይስ አሁንም ሰው በድምፁ ነው የምትለየው? ባለቤትዎ እታለም እታፈራሁስ? ልጆቹስ? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ወባ በመስከረም ጥላኝ ነበር፣ ተነሥቻለሁ። ሰሊጡ ታጭዶ እያለቀ ስለሆነ ከተማው በሠራተኛና በጭነት መኪና ተጨናንቋል፤ ሾፌሮቹ የጉምሩክ ተራ እስኪደርሳቸው እኔ ምግብ ቤት ስለሚውሉ አንድ ወንበር ባዶ አይገኝም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ልጅሽን ማህደርን ከካርቱም አምጫት፣ ለሸሕዲው ባለ እርሻ ለአቶ ንብረት ልጅ ለናሁሰናይ ቃል ሰጥቻለሁ፣ ሠርጉም ለጥር ተቆርጧል ብለዋል። ሰው አገር ሳህን እያጠበች ስማችንን አጠፋች ብለዋል። ካላመጣሻት ወንድም አለኝ አትበይ ብለዋል። ሁለት ጊዜ አነበብሁት፣ በሦስተኛው አለቀስሁ። ከዚያ እሽ ብዬ ተነሣሁ። አልዋሽዎትም፣ ላመጣት ነው የሄድሁ። ሁሉን በስልክ ልነግርዎት አስቤ ነበር፤ ሲቆጡ ስለሚዘጉብኝ ይኸው ጻፍሁት። እባክዎ እስከ መጨረሻው ያንብቡት።

ከድንበሩ ማዶ ገላባት ላይ ሽቶ የምትነግድ ረቢዓ የምትባል ወዳጅ አለችኝ። ዐረብኛው እንዳይቸግረኝ እሷን ይዤ ተሻገርሁ። የመመለሻ ቲኬት ስቆርጥ ለማህደርም ጨምሬ ቆረጥሁ። ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላተን ካርቱም ገባን። ማህደርን በስልክ ባገኛት፣ እማ፣ ሥራየን ሳታይ አንድ ቃል አትናገሪ፤ ነገ ምሳሽን እኔ የምሠራበት ቤት ብይ፣ ከዚያ ያሻሽን በይኝ አለችኝ። እኔ ያሳደግኋት ልጅ ናትና ግትርነቷ አልገረመኝም።

ምግብ ቤቱ ያለው ሱቅ በሱቅ ላይ በተደረበበት ትልቅ የገበያ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሞል ይሉታል። ደረጃው ራሱ ይሄዳል። ረቢዓ የተጠቀለለችበትን ቶቧን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበት። እኔ ግን በእግር የሚወጣውን ፈልጌ ወጣሁ፤ ምን አስቸኮለኝ! ምግቡ የታይላንድ ነው። ታይላንድ ወዴት ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ፤ ከህንድ ወዲያ ነው አሉኝ። ጠረጴዛው ጥቁር እንጨት፣ በየሳህኑ ውሃ ላይ አበባ ይንሳፈፋል፣ የእጅ መጥረጊያው ጨርቅ ሳይቀር እንደ አክሊል ታጥፏል። ማቀዝቀዣው የሞጣን ጥር አስታወሰኝና ነጠላየን ተከናነብሁ።

ሐር የለበሰ አስተናጋጅ በረጅም ብርጭቆ መጠጥ አቀረበና እጁን አጣምሮ ቆመ። እኛ ቤት ጠላ የሚቀዳ ሰው ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ እንደማይሰጥ ያውቃሉ። ይህን ያህል ያማረ ቤት ይህን ደንብ ያጣዋል ብዬ እንዴት ልጠርጥር? ልጁ እስኪቀምስ ጠበቅሁ። እሱም እስክጠጣ ጠበቀ። ብርጭቆውን ወደሱ ገፋ አድርጌ መዳፌን እያሳየሁ ቅመስ አልሁት። ጉድ ፈላ! መጠጡ የተበላሸ መሰለውና ወስዶ ሌላ አመጣ። ያንንም ገፋሁት። ረቢዓ፣ ጠጪ እንጂ ሴትዮ፣ ሰው እያየን ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ አንዴ እልህ ከያዘኝ ያውቁኛል። ልጄን ሦስት ዓመት የያዘብኝ ቤት እስቲ መታመኑን ያሳየኝ ብዬ ድርቅ አልሁ። ኸሊል የሚባል ሽበታም ሱዳናዊ፣ የቤቱ ጌታ፣ ምን ተፈጠረ ብሎ መጣ። በዙሪያችን የተቀመጡት ማንኪያቸውን አስቀምጠው ያዩናል። ሦስተኛው ብርጭቆ ሲመጣ የወጥ ቤቱ በር ተከፈተና ማህደር ወጣች።

ነጭ ለብሳለች፣ ፀጉሯን በነጭ ሻሽ አስራለች፣ ደረቷ ላይ ስሟ ተጠልፏል። ወይኔ፣ አሳፈርኋት ብዬ ደነገጥሁ። እሷ ግን ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። ብርጭቆውን ከአስተናጋጁ ተቀበለች፣ ከግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገች፣ ያ ሁሉ ባለ ሱፍና ባለ ጀላቢያ እያየ ቀመሰች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ጋሼ፣ እንባየ ዱብ ዱብ አለ። በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት። ጠጅ ሣርና ዝንጅብል ነበር።

ኸሊል ነገሩን ጠይቋት ስትነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም አለኝ። ረቢዓ እየተረጎመችልኝ እንደነገረኝ፣ ማህደር እውነት ነው ሳህን አጣቢ ሆና ነው የገባችው። ከታይላንድ የመጣችው ዋና ወጥ ቤት አትክልት መክተፍ አስተማረቻት፣ ቀጥላም ምድጃ ላይ አቆመቻት፣ ወደ አገሯ ስትመለስ ደግሞ ቦታዋን ለእሷ አስረክባት ሄደች። አሁን አምስት ወንዶች ከእሷ ትእዛዝ አይወጡም። እኔ እናቷ ይህን አላውቅም ነበር። ወጥ ቤት ነኝ ስትለኝ ልታጽናናኝ ይመስለኝ ነበር።

ምን በላሽ ይሉኛል። ሥጋ አልነካሁም፣ አይስጉ። ዓሣ ነው የበላሁት፤ ቀኑም ሐሙስ ነው፣ ጾሙም አልገባም። ሾርባው ውስጥ ደጃፌ ላይ የተከልሁት ዓይነት ጠጅ ሣር ነበረበት፤ ያን ያህል ይኮመጥጣል፣ ያን ያህልም ያቃጥላል፣ ግን ማንኪያውን አላስቀምጥ አለኝ። መጨረሻ ላይ እንደ ገንፎ የተጣበቀ ሩዝ ከማንጎ ጋር መጣ፤ ላዩ ላይ ሰሊጥ ተነስንሶበታል። ፍሬውን በጥርሴ ስሰብረው የእኛው የመተማ ሰሊጥ መሆኑን አወቅሁ። ያኔ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ።

ከሃያ ዓመት በፊት ባሌ ሲሞት ማህደርን አዝዬ ወደዚህ ቆላ ወረድሁ፤ ለሰሊጥ አጫጆች ላበስል። ለፋሲካ ቤት መጥቼ ጠላ ቀዳሁልዎት፣ በመዳፌም ቀምሼ ሰጠሁዎት። እርስዎ ግን በረሃ ወንድ ስታበላ ከከረመች ሴት እጅ አልጠጣም ብለው ዋንጫውን መለሱልኝ። እመይ ናት ተነሥታ ከእጄ ተቀብላ የጠጣችልኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ አላነሣሁብዎትም። ዛሬ ግን አነሣሁት፣ ጋሼ፣ ያን ቀን በድለውኛል።

ከምግቡ በኋላ የናሁሰናይን ፎቶ አሳየኋት። አየችውና፣ መልከ መልካም ነው፣ እግዜር የልቡን ይስጠው፤ እማ፣ አንቺ ቆላ ስትወርጂ ማን ፈቀደልሽ? አለችኝ። ቲኬቷን ከመቀነቴ አውጥቼ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀደድሁት። ረቢዓ አጨበጨበች፣ አያፍሩብኝ።

በተመለስሁ ማግሥት በሚኒባስ ሸሕዲ ሄጄ አቶ ንብረትን ቤታቸው አገኘኋቸው። እርስዎ ለቃል ማሰሪያ ተቀብለው የላኩልኝን ሐብል በእጃቸው መለስሁ። ልጄ አትመጣም፣ የከለከልሁ እኔ እናቷ ነኝ፣ ወንድሜ የለበትም አልኋቸው። ተቆጡ፣ ሽማግሌዎቹ ፊት አዋረዳችሁኝ አሉ። ሲበቃቸው ግን፣ ሰው ሳትልኪ ራስሽ መምጣትሽ ደግ ነው ብለው ሸኙኝ። ስለዚህ ነገሩ አልቋል፤ እባክዎ እንደገና ሽማግሌ አይላኩ። ወንድምሽ አይደለሁም ካሉም ይበሉ፤ እኔ ግን እህትዎ ነኝ፣ እንደ ሐብሉ የምመልሰው ነገር አይደለም።

እመይን ሁለቱንም ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ለእታለም እታፈራሁ የላክሁት ቶብ ከረቢዓ ሱቅ ነው፣ ለቤተ ክርስቲያን አይሆንም፣ ለቤት ትልበሰው። ልጅዎ ወንጌል ትምህርቱን እንዳይተው ይንገሩልኝ፤ ትንሿን ውቢትን ጉንጯን ይሳሙልኝ። እትየ አሰበችንም እንዴት ነሽ ይበሉልኝ።

ለፋሲካ ማህደር ፈቃድ ተሰጥቷታል፤ ሁለታችንም እንመጣለን። ጠላውን እታለም ትጥመቀው፣ የምትቀዳው ግን ማህደር ናት። ፊትዎ ቆማ በመዳፏ ቀምሳ ዋንጫውን ትዘረጋልዎታለች። መጠጣት አለመጠጣት የእርስዎ ነው። እሷ ግን እንደ እኔ አንገቷን ደፍታ አትመለስም፤ እስኪቀበሏት ድረስ ዋንጫውን ይዛ ትቆማለች፣ እኔም ከጎኗ እቆማለሁ።

እህትዎ ውባንች
መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 14 ቀን 2002 ዓ.ም.