ፊርማዬ ያረፈበት ደብዳቤ

እሑድ

ሠላሳ አንድ ፊርማ! በጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ስወጣና ስወርድ እግሬ ቀጠነ። አዲሱ ረቂቅ ደንብ ከጸደቀ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቤቱን መሥሪያ ያደረገ ሁሉ ሥራውን ያቆማል። እኔ ልብስ መስፋቴን፣ ጎረቤቴ ሰናይት ፀጉር መሥራቷን። ሱቅ ልከራይ? በየት አባቴ አቅም! የስፌት መኪናዬ ከቆመ እኔና ልጄ ቢኒያም ምን እንደምንበላ እንጃ።

የተቃውሞ ደብዳቤው ገና አልተጻፈም። የብሎካችን ሰብሳቢ ጋሽ ተፈራ ናቸው “ፊርማው ይቅደም፣ ደብዳቤውን እኔ አሳምሬ አስጽፈዋለሁ” ያሉት። ስለዚህ ባዶ ወረቀት ላይ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ፊርማ። ሰናይት ብቻ “ምን ላይ ነው የምፈርመው?” ብላ ተነጫነጨች። ተቆጣኋት። ጋሽ ተፈራ ከእኔ በላይ ያለው ቤት ነው የሚኖሩት፤ የልጄም የክርስትና አባት ናቸው። እሳቸውን ያላመንኩ ማንን ልመን?

ሰኞ

ወረቀቶቹን አስረከብኳቸው። “በርቺ የኔ ልጅ” አሉኝ፣ እንደ ሁልጊዜው። ዛሬውኑ ወረዳ ያስገባሉ። ዓርብ የነዋሪዎች ውይይት አለ። ቀለል ብሎኝ የሁለት ሚዜዎች ቀሚስ ጨረስኩ።

ማክሰኞ

ተሸወድኩ።

ሰናይት ወረዳ ጉዳይ ነበራት። መዝገብ ቤት የምታውቃት ልጅ የእኛን ደብዳቤ አሳየቻት፤ በስልኳ አንስታ አመጣችልኝ። “ስማችንና ፊርማችን የተያያዘው ነዋሪዎች ረቂቅ ደንቡን ሙሉ በሙሉ እንደግፋለን” ይላል።

እንደግፋለን! ተራ ቁጥር አንድ ላይ የእኔ ፊርማ። ሰናይት “አላልኩሽም?” እንኳን አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ሮጬ ወደ ጋሽ ተፈራ ቤት ወጣሁ። በር ከፍተው ፊቴን ሲያዩ ገባቸው። “ግቢ፣ ቁጭ በይ።” አልቀመጥም አልኩ። አቀርቅረው “ያ የስፌት መኪናሽ” አሉ፣ “ከጠዋት እስከ ማታ ጭንቅላቴን በላው። ስድስት ዓመት!”

“ታዲያ ምነው አንድ ቀን ቢነግሩኝ?”

“እንዴት ብዬ? እንጀራሽ ነው። ይሉኝታ ያዘኝ።”

ይሉኝታ! “ድምፁን ቀንሺልኝ” ለማለት ይሉኝታ የያዘው ሰው የሠላሳ አንድ ሰው እንጀራ ሲዘጋ አልያዘውም። ጉድ እኮ ነው! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ማስታወሻ ላይ አንቱ አልለውም።

ረቡዕ

የባሰው ዛሬ ነው። በየቤቱ ዞሬ እውነቱን ነገርኳቸው። አንዷ በሩን ፊቴ ላይ ዘጋችው። ቤቱ ውስጥ ጫማ የሚሠራው ጎረቤታችን “እኛን ለመሸጥ ምን ቃል ገቡልሽ?” አለኝ። ምን ልበል? ባዶ ወረቀት ያስፈረምኩት እኔ ነኝ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ሰናይት መጥታ “ተነሽ ባክሽ፣ ለለቅሶ ጊዜ የለንም” አለች።

አሁን እያንዳንዱ በራሱ እጅ ይጽፋል። “ፊርማው የእኔ ነው፣ ደብዳቤው ግን አይደለም። ደንቡን የምቃወመው በዚህ በዚህ ምክንያት ነው።” አጭር ይሁን። ስድብ እንዳይኖርበት።

ሐሙስ

አሥራ ዘጠኝ ደብዳቤ አስገባን። መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ “ይኼን ሁሉ?” ብላ ተነፈሰች። አዎ፣ አንድ በአንድ። ለእኛ የሚቀረው ቅጂ ላይም ማህተም አስመታን። የቀሩት አልጻፉም፤ ያኮረፈም የፈራም አለ። ጫማ ሠሪው እስካሁን አያናግረኝም።

ዓርብ

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። የድጋፍ ደብዳቤውን መድረክ ላይ አነበቡት። ተነሳሁ። “ፊርማው የእኔ ነው። የፈረምኩት ግን ባዶ ወረቀት ላይ ነው። ሌሎቹንም ያስፈረምኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ደንቡን እንቃወማለን።” ብዬ ተቀመጥኩ።

ሰናይት ተነሳች። ከዚያ ማን ቢነሳ ጥሩ ነው? ጫማ ሠሪው! ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። መድረክ መሪው “ተደጋጋሚ ሐሳብ ባይነሳ” ቢል ማን ሰምቶት! በመጨረሻ የድጋፍ ደብዳቤው ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ተደረገ። ደንቡ ግን አለ። ከነተቃውሟችን ለምክር ቤት ይቀርባል ተብሏል። ይጸድቅ ይሆን? እንጃ።

ተፈራ ከኋላ ተቀምጦ ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ብርድ ልብስ አራት ቦታ አጥፌ ከስፌት መኪናው ሥር አነጠፍኩ። ድምፁ ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። ይኼው ነበር እኮ! አንድ ቃል ብቻ ቢነግረኝ ኖሮ። ይቅር ብዬው አይደለም፣ ገና አንጀቴ ይቃጠላል።

ከምሳ በኋላ ተፈራ ደረጃውን ወርዶ በሬ ላይ ቆመ። ኮቴውን አውቀዋለሁ። ብዙ ቆየ። አላንኳኳም። እኔም መስፋቴን አላቋረጥኩም።