የአባባ ጉንጭ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፲፩፤ ንፋስ መውጫ

ዛሬ እናቴ ጉንጫቸው አብጦ ትኩሳት የያዛቸውን አያቴን፣ አባባን፣ ይዛ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሄደች። ጤና ጣቢያ ያየቻቸው ሐኪም የበሰበሰው ጥርሳቸው መግል ደም ውስጥ ከገባ ለልብም ይተርፋል ብላናለች።

አባባ ቄስ ናቸው። ጠዋት ጥርሳቸውን አይፋቁም፤ ከቅዳሴ በፊት ጠብታ ውሃ በጉሮሯቸው እንዳይወርድ ይፈራሉ። በክረምቱ "ታዲያ ማታ አይፋቁም?" ብላቸው "ማታ ደግሞ ማን ሊያየኝ!" አሉኝ።

ትናንት ሊጠይቋቸው የመጡት ሽማግሌዎች የቀራቸው ጥርስ ሁሉ ቢደመር የአንድ ሰው አፍ አይሞላም። መድኃኒት ግን ሁሉም ያዛሉ፤ አንዱ ቅርንፉድ፣ አንዱ አረቄ። እኔም "አባባ፣ ጉንጭዎ ውስጥ ዳቦ ደበቁ እንዴ?" ብዬ ሰዉን አሳቅኩት። አባባ አልሳቁም። ለካ አፋቸው አልከፈት ብሏቸው ነበር።

ቅድም እናቴ ደወለች። ሦስት ጥርስ ነቅለውላቸዋል፤ ትኩሳቱ ግን አልወረደም።

"እሺ" አልኳት።

"ሰምተሽኛል?"

"እሺ።"

ማልቀስም መሳቅም አልመጣልኝም። ስልኩን ዘግቼ ጥርሴን ቦረሽኩ። ጨረስኩና እንደገና ቦረሽኩ።