አስተያየት የሚለው ዓምድ

የካቲት 4
እንደ ወትሮው ሁለት አንባቢ። አንዱ መጸዳጃ ቤት ጠይቆ ወጣ። ከዚያ የቀበሌው ኃላፊ መጡ። "እስከ ወሩ መጨረሻ አንባቢ ካላሳየሽኝ ክፍሉ የስብሰባ አዳራሽ ይሆናል።" ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁበት ቤተ መጻሕፍት! ደንግጬ "ድረ ገጽ እሠራለታለሁ፤ ያውም በነፃ" አልኩ። ምነው ምላሴን በቆረጠው!

የካቲት 7
በነፃ የሚያሠራ ነገር ኢንተርኔት ላይ አገኘሁ። "የንግድዎን ዓይነት ይምረጡ" ይላል። ቤተ መጻሕፍት የሚል የለም... ፀጉር ቤት አልኩ። አሁን አናቱ ላይ ትልቅ መቀስ ተገትሯል። ምን ብለው አይነሳም።

የካቲት 12
የመጻሕፍቱን ዝርዝር ከኮምፒውተሬ እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩ። አንድ ሺህ ሦስት መቶ መጽሐፍ በአንዴ! ማን አለ እንደ እኔ? ሊንኩን ለሰፈሩ ሁሉ ላክሁ።

የካቲት 13
ጉዴ ፈላ። "አስተያየት" የሚለው ዓምድም አብሮ ወጥቷል! መጽሐፍ በተመለሰ ቁጥር ለራሴ የምጽፈው...
"ዳቦ ሻጯ፦ ገጽ 40 ላይ ቅባት። ድመቴ ናት ትላለች። ድመት የላትም።"
"ነርሱ፦ መጨረሻውን ቀድሞ ያነባል። አይታመንም።"
ስለ አመራር በሚለው መጽሐፍ ላይ ደግሞ፦ "ኃላፊው፦ ሦስት ወር ይዘውት አልገለጡትም። ወንበር ያስደግፉበት ይሆን?"
ልሰርዝ ብል የይለፍ ቃሉ ጠፋኝ። ምን ይውጠኛል?

የካቲት 14
ገና ሳልከፍት በር ላይ ሰልፍ! ዳቦ ሻጯ ድመት ታቅፋ መጣች። "ይኸው! አየሻት?" ነርሱ ልብ ወለድ ወሰደ፤ "ከመጀመሪያው ነው የማነበው፤ ጻፊልኝ" አለ። ሌላው ስለ እሱ ምንም ስላልጻፍኩ ተቀየመ። ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርኩ።

የካቲት 18
ኃላፊው ስልካቸውን ፊቴ ዘረጉ። "ወንበር ማስደገፊያ?" መዝገቡን ማገላበጥ ጀመርኩ። "መጽሐፉን አምጪው" አሉና ይዘው ወጡ። ሊከሱኝበት ነው?

የካቲት 21
የይለፍ ቃሉ መሳቢያ ውስጥ ተገኘ። ስሰርዝ ጡረተኛው መምህር አጠገቤ ቆሙ። "የእኔን ተዪልኝ፣ ልጄ።" አየሁት፦ "መምህሩ፦ ዝናብ ሲሆን ከቀሩ ሐሳብ ይገባኛል።" "ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሚያስብልኝ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር" አሉ። አለቀስኩ። የእሳቸውን ተውኩት።

የካቲት 30
ኃላፊው መጽሐፉን ይዘው መጡ። ገጽ ስልሳ ላይ ወረቀት ሰክተዋል።
"አልጨረስኩትም። ይራዘምልኛል?"
"ቤተ መጻሕፍቱ ካለ ይራዘማል" አልኳቸው።
አንባቢው ሁሉ ቀና ብሎ አያቸው። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። የውሰት ካርዱ ላይ እስከ መጋቢት 15 ፈረሙ።