ጠባሳዋን ለወሰዱብን ክቡር ሥራ አስኪያጅ

ይድረስ ለክቡር የዲጂታል ዲዛይን ማሠልጠኛ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ
ጅማ

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ መኪናዎ፣ በቅርቡ የተለወጠው የቢሮዎ ምንጣፍ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አልሃምዱሊላህ አለን፤ ክረምቱ ጠንክሮብናል እንጂ ሌላ ምን እንላለን። የማዕከሉን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ለክብርዎ ስል ነው፤ ደግሞም በባነራችሁ ላይ በትልቁ ስላጻፋችሁት የከተማው ሰው አይጠፋውም።

እኔ ሄርማታ ገበያ አጠገብ በልብስ ስፌት የምተዳደር፣ አብዱልሃዲ የምባል ሰው ነኝ። እርስዎ አያስታውሱኝ ይሆናል፤ ጸሐፊዎ ግን ታስታውሰኛለች፣ አላህ ይስጣትና በመጣሁ ቁጥር ወንበር ታቀርብልኛለች። ልጄ ሩፈይዳ ባለፈው ዙር ከእናንተ ዘንድ ተምራ ተመርቃለች። ጉዳዬን በአደባባይ የምጽፈው፣ በደጅዎ በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ስለሚነገረኝ፣ ምናልባት እዚያ ስብሰባ ላይ ጋዜጣ ይነበብ ይሆናል ብዬ ነው።

ከአቤቱታዬ በፊት ምስጋናዬን ላስቀድም። ማዕከላችሁ ተማሪን በወሬ አያደክምም፤ ያሠራል። ሩፈይዳ በገባች በሳምንቱ ለሌለ ዳቦ ቤት ምልክት ሠራች፤ ቀጥላ ማንም ለማይጫወትበት የእግር ኳስ ውድድር ፖስተር፣ ከዚያ ደግሞ ማንም ላልከፈተው ጭማቂ ቤት የዋጋ ሰሌዳ። ምግብ ቀርቦ እንኳ እጇ ምንጣፉ ላይ ማውስ ሲነዳ አይ ነበር። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። እኔም ስፌት የተማርኩት አሠሪዬ በሚጥላቸው ቁርጥራጭ ጨርቆች ላይ ስለሆነ፣ ሰው ሙያ የሚገባው እጁ እየተሳሳተ መሆኑን አውቃለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን የተጎዳ ፎቶ መጠገን የሚባል ፕሮጀክት መጣ። እያንዳንዱ ተማሪ ከቤቱ ያረጀ ፎቶ ይዞ እንዲመጣ ታዘዘ። ሌሎቹ የአያት፣ የሠርግ፣ የወታደር ፎቶ ይዘው ሄዱ። ሩፈይዳ የእናቷን ይዛ ሄደች።

ባለቤቴ መድና፣ አላህ ይዘንላትና፣ የቡና አብቃይዋ የየቡ ልጅ ነበረች። ልጅ ሳለች ቡና ሲለቀም፣ ጎንበስ አድርጋ የያዘችው ቅርንጫፍ ከእጇ አምልጦ ቅንድቧን መታት፤ ከዚያ ወዲህ የአንዱ ቅንድቧ ጫፍ ላይ ፀጉር የማያበቅል፣ ጥፍር የምታህል ጠባሳ ቀረች። ስትናደድ ጠባሳዋ ቀድማ ትነጣ ነበር፤ እኔም ዝም ብዬ ከቤት መውጣት የሚገባኝን ሰዓት የማውቀው በእሷ ነበር። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፤ ስልክ ያወጣ ሰው ካየች ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች። ስለዚህ ሩፈይዳ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች መድና በሞት ስትለየን፣ የቀረን ፎቶ አንድ ብቻ ነበር፤ በኒካሃችን ሰሞን የተነሳ፣ የጅማ እርጥበት ግማሹን የበላው፣ መሃሉ የታጠፈ። መታወቂያዋም አለ፤ ነገር ግን ማኅተም የሚመታው ሰው እጁ ከባድ ነበርና ማኅተሙ ከግንባሯ እስከ አፍንጫዋ ድረስ አርፎባታል።

ሩፈይዳ በዚያ ፎቶ ላይ ሳምንታት ሠራች። የጎደለውን የጉንጭ ቆዳ ከጎኑ ካለው እየወሰደች ትሸፍነው ነበር። ስትነግረኝ ወዲያው ገባኝ፤ እኛም የተቀደደ ቀሚስ የምንጥፈው ከራሱ ጠርዝ ቆርጠን ነው። አስተማሪያቸው ስህተታቸው እንዲታያቸው ምስሉን በየጊዜው ግራውን ወደ ቀኝ እየገለበጡ እንዲያዩት ያዛቸው ነበር፤ ይህን ነገር ክቡርነትዎ ያስታውሱልኝ። እንድታሳየኝ ስለምናት፣ አባ፣ ሲያልቅ ታየዋለህ ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ ጠበቅኩ።

አሁን ወደ አቤቱታዬ ልግባ።

አንደኛ፦ ስለ ውጤቷ። የፕሮጀክቱ መመሪያ ጉድለትን ሁሉ ማስወገድ ይል ኖሯል። ሩፈይዳ እርጥበቱን አስወገደች፣ እጥፋቱን አስወገደች፣ ጠባሳዋን ግን ተወቻት። አስተማሪው ሥራው አላለቀም ብሎ ነጥብ ቀነሰባት። ጉድለት አይደለም፣ እናቴ ናት ብትለው፣ ጨዋ ልጅ ነውና አልተቆጣትም፤ ደንበኛ እንዲህ ያለ ነገር እንደማይወድ በትሕትና አስረዳት። ደንበኛው እኔ እንደነበርኩ የነገረው ሰው ስለሌለ አልፈርድበትም። ልጄን ስለ ደንበኛ ፍላጎት ስላስተማራችሁልኝ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፦ ያላለቀውን ሥራ እናንተው ስለጨረሳችሁልን እናመሰግናለን። በምረቃው ቀን ሩፈይዳ የጁምዓ ኮቴን አስለብሳ ይዛኝ መጣች፤ የተማሪዎች ሥራ ስለሚታይ ዛሬ ታያታለህ ብላኝ ነበር። ክቡርነትዎ ያንን ረጅም ንግግር አደረጉ፣ መጋረጃው ተገለጠ፣ ግድግዳውን የሸፈነ ባነር ታየ። ፊቷ እንደ ሸክላ ሳህን የለሰለሰ አንዲት ሴት፣ ጥርሷን ሁሉ አሳይታ እየሳቀች፣ የቡና ስኒ ይዛለች፤ ከጎኗ «ነገን በፈገግታ እንንደፍ» የሚል ጽሑፍ አለ። ከሰው ጋር አብሬ አጨበጨብኩ። ከዚያም ወደ ልጄ ጠጋ ብዬ፣ «ይህቺ ሴትዮ እናትሽን ትመስላለች» አልኳት።

ሩፈይዳ ዓይኗን ከባነሩ ላይ አላነሳችም። «እሷ ናት እኮ፣ አባ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ትዳሬን ሙሉ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ አብሬያት ማዕድ የቆረስኩትን ሴት ሳላውቃት አጨበጨብኩላት። ሰውን እዚህ ለማድረስ ሙያ ይጠይቃል፤ ሙያችሁን አደንቃለሁ። መድና ስትስቅ አፏን በሻሿ ጫፍ ትሸፍን ነበርና፣ ያ ጥርስ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም፤ ባለቤቱ ቢመጣ በደስታ እናስረክባለን። ስኒውን በተመለከተም፣ ሟች ቡና ለቅማ ያደገች ብትሆንም ከጠጣች ልቧ ስለሚመታባት አትቀምስም ነበር። የየቡ ሴት ናትና ስኒ አስይዟት ያለው ባለሙያ ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

ባነሩ እኔ በየቀኑ ወደ ሱቄ በማልፍበት መንገድ ላይ ተሰቀለ። የማውቃቸው ሰዎች አስቁመውኝ እንዴት ያለች ቆንጆ ሴት ናት ይሉኛል፤ ማን መሆኗን አያውቁም። ቀና ብዬ ላለማየት እሞክራለሁ፣ ግን ዓይን መች ይታዘዛል። ቀስ በቀስ መድናን ባሰብኩ ቁጥር የምትመጣልኝ ያቺ የምትስቀዋ ሆነች። ዓይኔን ጨፍኜ ጠባሳዋን ስፈልግ ለስላሳ ቆዳ ይመጣብኛል። ወላሂ፣ ከሁሉ ያልቻልኩት ይህንን ነው።

ሦስተኛ፦ ስለ ጥንቃቄያችሁ። ቫይረስ እንዳይገባ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፤ ስልክም በር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ሩፈይዳ የሠራችውን ምስል ይዛ ወደ ቤት መምጣት አልቻለችም። ዋናው ፎቶ ደግሞ በደንባችሁ መሠረት ከፕሮጀክቱ ጋር ገቢ ሆኖ ከምረቃ በኋላ ይመለሳል ተባለ። ከምረቃ በኋላ ስንመጣ፣ ለአዲሶቹ ተማሪዎች ሲባል ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ጸድተው ነበር፤ ቢሮው ቀለም ሲቀባም ፎቶው የተቀመጠበት የቁም ሣጥን ዕቃ ወዴት እንደተዛወረ የሚያውቅ ጠፋ። ጸሐፊዎ አቧራ ለብሳ ፈልጋልናለች፣ ሐቅ ነው። ከእርስዎ ዘንድ ግን በመጨረሻ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ፤ የልምምድ ሥራ የማዕከሉ ንብረት መሆኑን፣ ይሁን እንጂ ለቤተሰቡ አክብሮት ሲባል ከባነሩ ላይ ንጹሕ ቅጂ ታትሞ ሊሰጠን እንደሚችል ይገልጻል። ይህን ያህል አክብሮት አልጠበቅንም ነበር። ማተሚያ ቤቱም ዘንድ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ እነሱ ጋ ያለችው የምትስቀዋ ብቻ ናት።

አራተኛውን ባጭሩ ልበል። ዝናቡ ሲበረታ አዲስ ባነር ሰቀላችሁና አሮጌው ወረደ። የወረደ ባነር የት እንደሚገባ እዚህ አገር ሁሉም ያውቃል፤ ገበያ ሄዶ የዝናብ መከለያ ይሆናል። አንድ ጠዋት በገበያው ሳልፍ፣ አፊፋ የምትባል ቲማቲም ሻጭ ባለቤቴን ዘቅዝቃ ከቲማቲሙ በላይ ወጥራት አገኘሁ። ጉንጯ ላይ ውኃ አቁሯል። ማን መሆኗን ስነግራት አፊፋ ገመዱን ፈታች፣ ውኃውን አፈሰሰች፣ በሻሿ ጠርጋ አጥፋ ሰጠችኝ። እኔም ከሱቄ ሸራ አምጥቼ ወጠርኩላት። ባነሩ አሁን ከእኛ ዘንድ ነው፤ ንብረታችን ተሰረቀ እንዳትሉ አስቀድሜ አሳውቃለሁ።

አምስተኛው አቤቱታ አይደለም፣ ሐዘን ነው። ልጄ ለሌለ ዳቦ ቤት ስትሠራ ማንም አልነካባትም። አንድ ጊዜ ለነበረ ሰው ሠራች፣ ያንን ወሰዳችሁባት። ፎቶውን ከሣጥን ያወጣሁት እኔ ነኝ እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ሥራ ፍለጋ አትወጣም፤ የሰጣችኋትን ምስክር ወረቀት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ አቁማዋለች። አባት ነኝና አይዞሽ እላለሁ፤ ከአይዞሽ በኋላ የሚባለውን ግን አላገኘሁትም። እናቷን ሁለት ጊዜ የቀበረች ልጅ ምን ይሏታል?

እንግዲህ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎቶው ይፈለግልን። ካሳ አልጠየቅኩም፤ ይቅርታም የሚያስቸግር ከሆነ ይቅር። የታጠፈው፣ የሻገተው፣ እርጥበት የበላው፣ እሱው ራሱ ይምጣልን። በየትኛውም ካርቶን ውስጥ፣ ከየትኛውም የቀለም ቆርቆሮ ሥር ቢሆን መጥተን እናነሳለን፤ እጃችን አቧራ ይችላል።

ለቀጣዩ ዙር ተማሪዎቻችሁ መልካሙን እመኛለሁ። ከቤታቸው ፎቶ አምጡ ስትሏቸው፣ የማይወዱትን ዘመድ ፎቶ እንዲመርጡ ብትመክሩልኝ ደግሞ ምስጋናዬ ከፍ ይላል። አላህ ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባ ይስጥልኝ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ።

በደጅዎ ወንበር ላይ ከቢሮው ዕቃ ጋር የተቆጠርኩት፣
የምረቃ ካባችሁን ጠርዝ ሁሉ ለልጄ ክብር ብዬ በነጻ ያስተካከልኩላችሁ፣
ባለቤቴን ሳላውቃት ያጨበጨብኩላችሁ፣
ትሑት ልብስ ሰፊያችሁ አብዱልሃዲ፣ ከሄርማታ

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ፈርሜ ሳበቃ አንድ ነገር እንድጨምር ሩፈይዳ ለመነችኝ። ባነሩ ቤት ከገባ ወዲህ ልጄ ለአንድ ሥራ ብቻ ብድግ ብላለች። ጓደኛዋ ዙሀራ ኮምፒውተር አላት፤ ሩፈይዳ ባነሩን በስልክ አንስታ እዚያ እየሄደች የእናንተኑ ፕሮጀክት ወደ ኋላ ትሠራዋለች። ስኒውን አወጣች። የሰው ጥርስ አወጣችና ከንፈሯን ዘጋችላት፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ትንሽ ዝቅ አድርጊው፣ እንዲያ ነው፣ እላታለሁ። ክቡር ሆይ፣ ተማሪያችሁ ሙያ አላት። ትናንት መድና ልትናገረኝ ምንም አልቀራትም ነበር።

ከዚያ ጠባሳዋ ጋ ደረስን። ሩፈይዳ ወደ እኔ ዞራ በየትኛው በኩል እንደነበረች ጠየቀችኝ። እኔም ምን ጥያቄ ነው ብዬ እጄን ወደ ገዛ ቅንድቤ አነሳሁ፤ ወደ ቀኙ ሄደ። ፊት ለፊቴ እንደተቀመጠች አድርጌ ሳስባት እጄ ወደ ሌላው ሄደ። ዕድሜዬን ሙሉ ጨርቅ ገልብጬ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ግራና ቀኝ ተምታታብኝ። ልጄም በልምምዱ ጊዜ ምስሉን ደጋግማ ስለገለበጠችው እርግጠኛ መሆን አልቻለችም። የቡ ላለችው የመድና እህት ስንደውል ግራ ነው አለች፤ ቆይታ መልሳ ደወለችና ላስብበት አለች።

ስለዚህ ፎቶው ጠፍቶ ከሆነ፣ ይሁን፣ ይጥፋ። ባነሩን የሠራው ባለሙያችሁ ግን አሁንም እዚያው እንደሚሠራ ሰምተናል። ጠባሳዋን ሲያጠፋት ከየትኛው በኩል እንዳጠፋት ያስታውስ እንደሆነ፣ እባክዎ ከስብሰባ ሲወጡ ይጠይቁልን።