ውሃ የማይፈታው ወረቀት

ይድረስ ለወንድምዓለም፣

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ክፉ ቁርጥማት ወገብህን ለቀቀህ ወይስ ዝናብ በመጣ ቁጥር እያጎበጠህ ነው? እማዬስ እንዴት ናት? ዓይኗ ተሻላት? እህልስ ይወርድላታል? ሚስትህ እትዬስ ደህና ከርማለች? ቤቱ፣ ግቢው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? ስለ ልጄ የምጠይቅህ ብዙ ስለሆነ ለኋላ አቆየዋለሁ። እኔ እጄ ትንሽ ከመላጡ በቀር ምንም አልሆንኩም። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው የጎዳኝ ይላል። እኔ ግን ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ፤ አሁን የያዘኝ ንዴት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብለህ፣ ረጋ ብለህ አንብበው።

መጀመሪያ ወረቀቱን እየው። ቡናማ ነው፣ ሸካራ ነው፣ ለደብዳቤ አያምርም። የሲሚንቶ ከረጢት የሚሠራበት ነው። ሆን ብዬ ነው የመረጥኩት። እስከ ዛሬ በነጭ፣ በሚያምር ወረቀት ጻፍኩልህ፤ አንዱም አልተነበበም አልከኝ። የመጀመሪያው ላይ ጣራው አፈሰሰበት። ሁለተኛው ሱሪህ ኪስ ውስጥ ተረስቶ እትዬ ከነሱሪው አጠበችው። ሦስተኛው ላይ የውሃ ማሰሮ ተደፋበት። ወንድሜ፣ የምትኖረው ቤት ውስጥ ነው ወይስ ኩሬ ውስጥ? ስልክ ስደውልም ያው ነው፤ ወይ ልጅቷ ተኝታለች፣ ወይ ጎረቤት ሄዳለች፣ ወይ መስመሩ አይሰማም። እኔ ሞኟ ግን አምኜህ፣ ክረምት ሳይገባ ምነው ጣራቸውን ባስጠገኑ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

የወረቀት ፋብሪካ ሠራተኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ ምን እንደምሠራ ግን ጠይቀኸኝ አታውቅም። አሮጌ ካርቶንና እንደ ቃጫ የቀጠነ የእንጨት ጭረት ከውሃ ጋር ትልቅ ገንዳ ውስጥ ይገባል፤ ከታች የሚሽከረከር ብረት ያምሰውና የቀጠነ ሊጥ ይሆናል። ሊጡ ወንፊት ላይ ይፈሳል፣ ውሃው ከሥር ይንጠፈጠፋል፣ የቀረው በትኩስ ብረቶች መሃል እያለፈ ይደርቅና ወረቀት ሆኖ ይጠቀለላል። የኔ ቦታ ከገንዳው በኋላ፣ ከወንፊቱ በፊት ነው። ማጠንከሪያው የሚጨመረው እዚያ ነው። አንዱ ስታርች የሚሉት ነጭ ዱቄት ነው፤ ወረቀቱን በደረቁ ጠንካራ ያደርገዋል፣ ውሃ ከነካው ግን አያድነውም። ሌላው በበርሜል የሚመጣ፣ ቢጫ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ነው። ጭረቱን ከጭረት ጋር አያይዞ፣ ወረቀቱ ቢርስም እንዳይለያይ የሚያደርገው እሱ ነው። ካነሰ ከረጢቱ በመጀመሪያው ዝናብ ይቀደዳል፤ ከበዛ ደግሞ አረፋ እየሠራ ያስቸግራል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ እሱን ስጠብቅ እውላለሁ። ጓንት ይሰጡናል፤ ጓንቱ ግን ከኔ እጅ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። እጄም የተላጠው በዚሁ ነው።

አዲስ በነበርኩ ጊዜ የሠራሁትን ልንገርህ፣ ምናልባት ትስቅ ይሆናል። ከወረቀቱ ጠርዝ የሚቆረጠው ትርፍራፊ አይጣልም፤ ተመልሶ ገንዳ ይገባና እንደገና ሊጥ ይሆናል። እኔም ቢጫው ፈሳሽ የገባበትን ወረቀት ቁርጥራጭ ሰብስቤ፣ ከተራው ጋር ደባልቄ ገንዳው ውስጥ ከተትኩት። ተራው ወዲያው ሟሟ። ያኛው ወይ ፍንክች! እንደ ቡትቶ ተጠቅልሎ ቧንቧውን ወተፈው፣ ማሽኑም ቀጥ አለ። «ነጎድጓድ» የምንለው ፎርማናችን እየጮኸ መጣ። ይህ ወረቀት በተራ ውሃ እንደማይፈታ፣ ለብቻው በሙቅ ውሃና በሌላ ኬሚካል ካልተቀቀለ ወደ ሊጥ እንደማይመለስ አልነገሩሽም ወይ አለኝ። ወረቀት ውሃ ከነካው ያለቀለት መስሎኝ ነው አልኩት። ማን አስተማረሽ ሲለኝ፣ ወንድሜ አልኩት። ሠራተኛው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እስከ ዛሬም «የወንድሟ ተማሪ» እያሉ ይጠሩኛል። እኔም አብሬያቸው ሳቅሁ። ያን ጊዜ ገና አምንህ ነበር።

እምነቴ ያለቀው ጎረቤታችሁ ልብስ ሰፊዋ የመጣች ጊዜ ነው። መንገዱ ቢርቅም እዚህ ጨርቅ ይረክሳል ብላ መጥታ፣ ከእማዬ በተቀበለችው አድራሻ ጠይቃ ጠይቃ የፋብሪካው በር ላይ ጠበቀችኝ። ዘመድ ያገኘሁ ያህል አቀፍኳት። ክፍሌ ወስጄ አሳረፍኳት፣ ወሬ ጠገብን። ስሄድ ድክ ድክ ስትል የተውኳት ልጄ ትከሻዬ ድረስ መድረሷን፣ የፊት ጥርሷ እንደኔ ፍንጭት መሆኑን ነገረችኝ። ከዚያ ወሬውን ወደ ጨርቅ ዋጋ አዞረችው። አንድ ነገር ደብቃኛለች ብዬ ጎተጎትኳት። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ልትለካት በርጩማ ላይ አቁማት ሳለ፣ እናትሽ ምን ብላ ጻፈችልሽ ብላ ጠይቃት ነበር። ልጄ ምን እንዳለች ታውቃለህ? እናቴ መጻፍ አትችልም፣ ፊደል አልቆጠረችም፣ አባባ ነግሮኛል አለቻት። አባባ የምትለው አንተን ነው።

ፊደል ያልቆጠርኩት እኔ ነኝ? ተው እንጂ! ክፍል ደግመህ ከኔ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ስትቀመጥ ከማን ነበር የምትገለብጠው? አንገትህን አስግገህ ደብተሬን ስታይ አስተማሪው ጆሮህን ሲጠመዝዘው የማለቅሰው እኔ አልነበርኩም? የመጀመሪያውን የሥራ ማመልከቻህንስ በማን እጅ ጽሑፍ አስገባህ? ይህን ሁሉ ያወጣሁት ላሳፍርህ ነው፤ አልዋሽህም። ሰፊዋ ከተመለሰች በኋላ ሥራዬ ላይ ቆሜ እንባዬ ሊጡ ውስጥ ሲንጠባጠብ፣ ያ ነጎድጓድ እንኳ አይቶኝ መንገዱን ቀይሮ አለፈ።

ለምን እንዳደረግከው አልገባኝም አልልም። እትዬ ያን ሁሉ ዘመን ልጅ ስትመኝ ኖራ አላገኘችም። ልጄን አደራ ብዬ ሳስታቅፋት በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ሲያማት አቅፋት የምታድረው፣ ጠጉሯን የምትሠራላት፣ ትምህርት ቤት በር ድረስ የምትሸኛት እሷ ናት። ውለታችሁን ብክድ አፈር ያስበላኝ። ነገር ግን አደራ አልኳችሁ እንጂ ውሰዷት አላልኩም። አባቷን አላወቀችምና አባባ ብትልህ አይከፋኝም። እኔን በቁሜ መቅበርህ ግን አንጀቴን አሳረረው።

በውሃ ጠፉ ባልካቸው ደብዳቤዎች ሁሉ የጻፍኩት አንድ ነገር ነው። አንብበኸዋል፤ ቢሆንም ልድገመው። ከሰው ጋር ተዳብዬ መኖሬ ቀርቷል። የራሴ ክፍል አለኝ፤ ጠባብ ናት፣ ግን ጠዋት ጠዋት በመስኮቷ ፀሐይ ይገባል። ጥግ ላይ ሁለተኛ አልጋ አስገብቼ አንሶላ አንጥፌበታለሁ፤ እስካሁን ማንም አልተኛበትም። ትምህርት ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ልጆቹ ሲሰለፉ ከዚሁ አያቸዋለሁ። ትምህርት ሲዘጋ ፈቃድ ወስጄ ልምጣና ልጄን ልውሰዳት ነው ያልኩት። ሌላ የጠየቅኩህ ነገር የለም።

ይህን ወረቀት የወሰድኩት ነጎድጓድን አስፈቅጄ ነው። ምን ያደርግልሻል ሲለኝ ለወንድሜ ልጽፍበት ነው አልኩት። ሳይጮህ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው፤ ራሱ ከጥቅሉ ቆርጦ ሰጠኝ። አትቸኩዪ፣ ከማሽን እንደወጣ ገና ነው፣ ሰንበት ሲል ነው የሚጠነክረው አለኝ። አቆየሁት። ከዚያ በአንዱ ቁራጭ ላይ በእስክሪብቶ አንድ መስመር ጻፍኩና ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፍኩት፣ ከልብሴ ጋር አሸሁት፣ ጨምቄ ገመድ ላይ አሰጣሁት። ተጨማደደ እንጂ አልተቀደደም፤ ጽሑፉም ይነበባል። እንግዲህ ጣራህም ያፍስ፣ ማሰሮህም ይደፋ፣ ሱሪህም ይታጠብ።

እሳቱን ግን አልረሳሁም። ውሃ አይፍታው እንጂ፣ ክብሪት ካገኘው እንደ ማንኛውም ወረቀት ይነዳል፤ አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ። ስለዚህ ከዚሁ ወረቀት ሁለት ደብዳቤ ጽፌ፣ ሰሞኑን እንደገና ለጨርቅ ለመጣችው ለሰፊዋ ሰጥቻታለሁ። መጀመሪያ የልጄን ለልጄ ከእጅ ወደ እጅ ስጪልኝ፣ አንብባ እስክትጨርስ አጠገቧ ሁኚልኝ፣ የሱን ከዚያ በኋላ ብዬ አስምያታለሁ። አንተ ይህን እያነበብክ ከሆነ ልጄ የሷን አንብባ ጨርሳለች ማለት ነው። ልምጣ ወይስ አልምጣ ብዬ ያማከርኩት እሷን ነው። እዚሁ ልኑር፣ እትዬን ትቼ አልሄድም ካለችኝ አልቅሼ እችለዋለሁ። እናቴ አትጽፍልኝም እያለች ማደጓን ግን አልችለውም።

እማዬን አገላብጠህ ሳምልኝ። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ የምታውቀው አንተ ያነበብክላትን ብቻ ነውና ይህንን ከላይ እስከ ታች፣ አንዲት ቃል ሳትዘል አንብብላት። ለእትዬ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የተቀየምኩት አንተን እንጂ እሷን አይደለም፣ ስለ ልጄ እጇን ስሜያለሁ በልልኝ። ሰፊዋን እንዳትቆጣት፤ የተቀበለችውን አደራ ነው ያደረሰችው። አንተም ወገብህን ከብርድ ጠብቅ፤ እንዲህ ተናድጄም ታሳዝነኛለህ።

ለልጄ ግን ባንተ በኩል ሰላምታ አልልክም። የሷ ደርሷታል።

እህትህ

ከወረቀት ፋብሪካው ጀርባ፣ ከኪራይ ክፍሌ
እሑድ፣ ሰኔ ፱ ቀን