በእርስዎ ማኅተም ስለተመታው የኮርማክ ጥድ

ለክቡር አቶ ሂው ቱሎክ፣ የእንጨት ነጋዴ፣ የመጋዝ ቤት ጌታ፣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮም የኒው ብሩንስዊክ ሸንጎ ተመራጭ፤

ጤናዎ እንደ ግንድ ክምርዎ ከፍ ይበል። ይህን የምጽፍልዎ እኔው ራሴ፣ ግንድዎን በወንዝ የምነዳው ፊንታን ሚሃን ነኝ። ማታ ማታ ተምሬ መምህሩ «ጽሕፈትህ ከቄሱ ይበልጣል» ብለውኛል፤ ቄሱ ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

አንድ መጥረቢያ ይዘው ከመርከብ ወርደው፣ ከሱቅ ወደ መጋዝ ቤት፣ ከመጋዝ ቤት ወደ ሸንጎ ስለደረሱ እንኳን ደስ ያለዎት። ድምፅ ያለንም በአደባባይ፣ በእኛ ላይ የሾሙት አለቃ ዓይን ዓይናችንን እያየ፣ በሙሉ ነፃነት ስምዎን ጠርተናል። አሁን ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ፦ አምና ጸደይ ግንዶችዎ ፏፏቴው ላይ ሲቆላለፉ፣ «ውሃው ይጉደል፣ ነገ እንፈታዋለን» አልን። ያው አለቃ «መርከብ እየጠበቀ ነው፣ ምን ትሽኮረመማላችሁ» አለን። ታናሽ ወንድሜ ኮርማክ ወርዶ ፈታው። ግንዱ ሁሉ በደህና ወረደ፤ ስለ ግንዱ እግዚአብሔር ይመስገን።

፪ኛ፦ ኮርማክን እንደ ወንዝ ሰው ልማድ ዳር ላይ ካለ ጥድ ሥር ቀበርነው፤ ባለ ሚስማር ጫማውንም ቅርንጫፉ ላይ ሰቀልን። ስሙን የሚጽፍ አልነበረም። እኔ የማውቀው ጽሕፈት ንብረትነቱ የእርስዎ መሆኑ እንዲታወቅ በየግንዱ ጫፍ የምመታውን የእርስዎን የማኅተም መዶሻ ብቻ ነበር። ምልክት ይሁነው ብዬ ጥዱን በእሱ መታሁት። ጓደኛችን ዶናል «አንተ ጅል፣ ወንድምህን ለቱሎክ ሰጠኸው እኮ» አለኝ። እያለቀስን ሳቅን።

፫ኛ፦ በበረዶው ወራት፣ እኔ ስሙን ልጽፍለት ፊደል ስቆጥር፣ ቆራጮችዎ መጡ። ማኅተምዎን አይተው ቆረጡት። እነሱ አልተሳሳቱም፤ የተሳሳትኩ እኔ ነኝ። አሁን ዳርቻው ሁሉ ጉቶ ነው፤ በረዶው ሲቀልጥ አፈሩም ተስተካክሏል። እናቴ በጀልባ መጥታ «ፊንታንዬ፣ የቱ ጋ ነው ልጄ?» ስትለኝ አንዱን ጉቶ አሳየኋት። ተንበርክካ አቅፋው ዋለች። እሱ ይሁን ሌላ፣ እኔ አላውቅም።

፬ኛ፦ እዚያው ቦታ ላይ አዲስ መጋዝ ቤት ሊያቆሙ ነው ተባለ። ይግነንልዎት። መሬቱ ሳይቆፈር ግን ቆራጮችዎን ይጠይቁልኝ፤ ጫማ የተሰቀለበት ጥድ የጣለ ሰው ቦታውን አይረሳም። ወንድሜን ላንሳውና ይቆፍሩ።

ቆቤን አውልቄ፣ ወገቤን ሰብሬ፣ ስሜን ማንም እጄን ሳይዘኝ የፈረምኩ፣

ፊንታን ሚሃን

ማስታወሻ፦ «ኮርማክ ሚሃን፣ ዕድሜው ሃያ ሁለት» ብዬ በሳንቃ ላይ ቀርጬአለሁ። ቦታው የቱ እንደሆነ እስኪነግሩኝ ድረስ ከደጃፍዎ ተክዬዋለሁ። ሲወጡ ሲገቡ አይሥጉ፣ ከሥሩ ማንም የለም።